ጾማችን ወደ ሚዛናችን እንዲደርስ፦ ለዐቢይ ጾም ንስሐ የሚዘጋጅ ምእመን ምን ያድርግ?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለከላል። ይህን ሁሉ አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው በዚያው ሳምንት በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር ሲቀላቅል፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ጉቦ ሲቀበል ወይም የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ሲያዘገይ፣ ጾሙ የተጓደለበት አይመስለውም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የወቀሳቸው ሰዎችም ጾመኞች ነበሩ፤ ነገር ግን በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበር። «እንዲህ ከሆነማ መጾሙ ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ጌታ ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ከከሙን ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ሲገሥጽ፣ ሌላውን ሳይተዉ ይህን ሊያደርጉ ይገባቸው እንደ ነበር ነገራቸው እንጂ አሥራቱን ተዉት አላላቸውም።

ዝግጅቱን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሚጀምረው ከጾመ ነነዌ መጀመር መልካም ነው። የነነዌ ንጉሥ ሕዝቡን ማቅ ልበሱ ብቻ አላለም፤ እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ አዟል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ጸጥ ባለ ሰዓት ይቀመጡና የኃጢአት ዓይነቶችን ከመዘርዘር ይልቅ ሰዎችን በስማቸው ያስቡ፦ ከእርስዎ ገንዘብ የሚፈልግ ማን አለ? ክፍያው የተጓተተበት የቀን ሠራተኛ፣ የውርስ ድርሻውን ያስቀሩበት ወንድም፣ ባልሠራው ጥፋት ስሙን ያነሡት የሥራ ባልደረባ ማን ነው? ሰውየው ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ቢሆን ዕዳው አይቀንስም። እንዲያውም ማተብ ያሰረ ነጋዴ ቢያታልለው፣ የሚታማው ነጋዴው ብቻ ሳይሆን እምነቱም ጭምር ነው።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ በሰሞነ ሕማማት ኑዛዜ ስለማይሰጥ ነገሩን ወደ መጨረሻው አያቆዩት። «ኃጢአተኛ ነኝ፣ በሁሉም በድያለሁ» ብሎ በጅምላ መናዘዝ አባትን ምን ዓይነት ቀኖና መስጠት እንዳለባቸው ያስቸግራቸዋል። «ለሁለት ዓመት ያህል ቅቤ ላይ ሙዝ እየቀላቀልኩ ሸጫለሁ» የሚል ሰው ግን፣ ቃሉ ከአፉ ለመውጣት ቢከብደውም፣ የሚመከርበትና የሚታከምበት ነገር ይዞ ቀርቧል።

ከሁሉ የሚከብደው መመለሱ ነው፤ በእኔ እምነት አብዛኛው ንስሐ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የሰው ገንዘብ በልተን ለታቦት ጃንጥላ ወይም ምንጣፍ ስለት እናስገባለን፤ ያም ልባችንን ያሳርፈዋል። ዘኬዎስ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ሁለቱን ለያይቷቸዋል፦ ከገንዘቡ እኩሌታውን ለድኾች ሰጠ፤ የበደላቸውን ሰዎች ደግሞ አራት እጥፍ ልመልስ አለ። ምጽዋት ዕዳን አይከፍልም። ስለዚህ ባለ ገንዘቡ ካለ ለእርሱው ይመልሱ፤ ካልቻሉ በየወሩ ከፋፍለው ይስጡ፤ ከሞተ ለወራሾቹ ያድርሱ፤ እንደ ሚዛን ማጉደል ባለ በደል ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነ ብቻ፣ ገንዘቡ ለድኾች የሚደርስበትን መንገድ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። በቃል የበደሉትን ሰው በተመለከተም ሐሜቱን የሰሙት ሰዎች ባሉበት ቃልዎን ያንሡ፤ ለብቻ የሚጠየቅ ይቅርታ የጠፋውን ስም አይመልስም።

ለወደፊቱ ብዙ ስእለት አያብዙ፤ ፈተናው የበረታበትን አንድ ነገር ይያዙ። ነጋዴ ከሆኑ ሱቅ ሲከፍቱ ሚዛኑን በትክክለኛ የአንድ ኪሎ ድንጋይ ይፈትኑት። ሠራተኛ ያለዎት እንደ ሆነ የደመወዟን ቀን ይወስኑና ከራስዎ የበዓል ወጪ አስቀድመው ይክፈሏት፤ ለፋሲካ በግ ገዝቶ የእርሷን ክፍያ ማሳደር ኢሳይያስ የተናገረው ግፍ ራሱ ነው። ቢሮ የሚሠሩ ከሆነ ባለጉዳይን በተራው ያስተናግዱ፤ ዘመድዎም ቢሆን ወረፋውን እንዲጠብቅ ያድርጉ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ያልተከፈለ ዕዳ ቢቀር አይደነቅም። ጾመ ሐዋርያት ሲገባ የተከፈለውንና የቀረውን ጽፈው ይዘው ተመልሰው ወደ ንስሐ አባትዎ ይቅረቡ።