የድንገተኛ አደጋ መኪና ሞድ መብራት አልሠራ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

በግራንድ ቴፍት ኦቶ 5 የቪዲዮ ጨዋታ የፖሊስ መኪና፣ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጨዋታው ላይ የሚጨምሩት) ለሚሠራ ሰው ከአካሉ ይልቅ ትዕግሥትን የሚፈታተነው መብራቱ ነው። መኪናው አምሮ ይወጣል፤ ሳይረኑ ሲበራ ግን ጣሪያው ላይ ጭል የሚል ነገር የለም፤ ወይም የሌላ መኪና ብልጭታ ይዞ ብቅ ይላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሞዴሉን እንደ አዲስ ይጀምሩታል። አብዛኛውን ጊዜ የባከነ ድካም ነው። መብራቱ ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደተበላሸ ነው።

አንደኛው ሞዴሉ ነው፤ በውስጡ ከሳይረን1 እስከ ሳይረን20 የሚሰየሙ ነጥቦች አሉ። ሁለተኛው ካርኮልስ ሜታ የተባለው ፋይል ሲሆን ቀለሙን፣ ብርታቱን፣ ፍጥነቱንና የብልጭታውን ቅደም ተከተል ይዟል። ሦስተኛው ካርቫሪዬሽንስ ሜታ ነው፤ ከመብራት አንጻር ሥራው መኪናውን ከአንድ የመብራት ቅንብር ቁጥር ጋር ማገናኘት ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት የጨዋታውን ሰዓት ሌሊት አድርጉትና መኪናውን ግድግዳ አጠገብ አቁሙ። ሳይረኑን አብሩና ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ተመልከቱ፦ የመብራቱ መስታወት ራሱ ይፈካል ወይ? በዙሪያው ኮሮና የሚባለው የብርሃን ክብ ይታያል ወይ? ግድግዳው ላይ ብርሃን ያርፋል ወይ? ኮሮናውና የግድግዳው ብርሃን እያሉ መስታወቱ ብቻ ከጨለመ ሞዴሉን ጠርጥሩ። ሦስቱም ከሌሉ ግንኙነቱ ነው። ሦስቱም ኖረው አካሄዳቸው የተዛባ ከሆነ ካርኮልስ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ናቸው።

ምንም አይበራም

በካርኮልስ ውስጥ ለቅንብሩ የተሰጠው መለያ ቁጥርና በካርቫሪዬሽንስ ውስጥ ሳይረን ሴቲንግስ በሚለው መስመር የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት እጅግ የተለመደ ነው። ቁጥሮቹ ከተስማሙ መኪናውን እንደ ተጨማሪ ጥቅል ያስገባችሁ ሰዎች ኮንቴንት የተባለውን ኤክስኤምኤል ፋይል ክፈቱ፤ ካርኮልስ እዚያ ካልተመዘገበ ፋይሉ በማኅደሩ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ጨዋታው አያነበውም። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሞዴሉ ሂዱና የነጥቦቹን ስም ፊደል በፊደል አረጋግጡ። በሳይረንና በቁጥሩ መካከል አንዲት ክፍት ቦታ መግባቷ ነጥቡ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

የሌላ መኪና ብልጭታ ይዞ ይመጣል

ሁለት ሞዶች አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይዘዋል። ከሌላ ሞድ ላይ ካርኮልስ ገልብጦ የተጠቀመ ሁሉ ቁጥሩንም አብሮ ስለሚወስድ ይህ ግጭት በየቦታው አለ። ሌላ ሞድ ያልያዘውን ቁጥር ምረጡና በሁለቱም ፋይሎች ቀይሩ። ጨዋታው ያለ ተጨማሪ ፕለጊን የሚቀበለው እስከ 255 ነው፤ ከዚያ በላይ ብትሰጡት ያልታሰበ ብልጭታ ሊያመጣባችሁ ይችላል። በርካታ መኪኖች የምትሠሩ ከሆነ የያዛችኋቸውን ቁጥሮች በአንድ የጽሑፍ ፋይል መዝግቡ።

አንዱ አምፖል የሌላውን ሥራ ይሠራል

ካርኮልስ ውስጥ ያሉት የመብራት ክፍሎች ከነጥቦቹ ጋር የሚገናኙት በስም ሳይሆን በተራ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለሳይረን1፣ ሁለተኛው ለሳይረን2 እያለ ይቀጥላል። ሳይረን5 አያስፈልገኝም ብሎ ክፍሉን የሰረዘ ሰው ከስድስተኛው ጀምሮ ያሉትን ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ፊት ይገፋቸዋል። የማትፈልጉትን መብራት አትሰርዙ፤ የብልጭታውን ቅደም ተከተል (ሲክዌንሰር የሚለውን) 0 አድርጋችሁ በቦታው ተዉት።

ብልጭታው አይፈራረቅም

ብዙ ሰው እንደ ምሥጢር የሚያየው ሲክዌንሰር የተባለው ቁጥር እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ሲገለጥ 32 እርምጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ እርምጃ 1 ከሆነ መብራቱ ይበራል፣ 0 ከሆነ ይጠፋል። ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ግን የ1 እና የ0 ሰልፍ ሳይሆን ወደ ተራ አሥርዮሽ ቁጥር የተቀየረው ነው። ሰልፉን እንዳለ መለጠፍ ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ነው። የኮምፒውተሩ ካልኩሌተር በፕሮግራመር ገጹ ይህን ወዲያው ይቀይርላችኋል።

ግራው ሁለቴ ብልጭ፣ ከዚያ ቀኙ ሁለቴ ብልጭ እንዲል ብንፈልግ የግራው ሰልፍ 10100000 ሆኖ አራት ጊዜ ይደገማል፤ የቀኙ 00001010 ሆኖ እንዲሁ አራት ጊዜ። በአሥርዮሽ ግራው 2694881440፣ ቀኙ 168430090 ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሁለት መብራቶች ላይ ሞክሯቸው፤ መፈራረቁ ጥርት ብሎ ይታያል። መብራታችሁ ሳያቋርጥ በርቶ የሚቀር ከሆነ ቁጥሩ 4294967295 መሆኑን አረጋግጡ፤ 32ቱም እርምጃዎች 1 ናቸው ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ግራና ቀኙ ቀስ በቀስ እየተሳሳቱ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ሲንክ ቱ ቢፒኤም የሚለው ምርጫ በአንዳንዶቹ ላይ ጠፍቷል። በሁሉም ላይ አብሩት፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ሲክዌንሰር ቢፒኤም አንድ ላይ ይመራቸዋል።

የኋላው መብራት ወደ ፊት ይመለከታል

አቅጣጫውን የሚወስነው ዴልታ የሚለካው በዲግሪ ሳይሆን ራዲያን በሚባለው የማዕዘን መለኪያ ነው። ወደ ኋላ ለማዞር 180 ሳይሆን 3.14159 ይጻፋል። 180 የጻፈ ሰው መብራቱ በሆነ ጠማማ አቅጣጫ ሲያበራ ያገኘዋል፤ ቁጥሩ ግን ለዓይን ትክክል ስለሚመስል ከመጠርጠር ያመልጣል።

መስታወቱ ሲበራ ከቦታው ዘሎ ይወጣል

ብዙ ሞዶች የሚፈካውን ክፍል በጣም አሳንሰው አምፖሉ ውስጥ ይደብቁትና ሲበራ በስኬል ፋክተር (በማጉያ ቁጥሩ) እንዲያድግ ያደርጋሉ። ክፍሉ የሚያድገው ከራሱ መነሻ ነጥብ ተነሥቶ ነው። ይህ ነጥብ በክፍሉ መሃል ካልሆነ፣ ለምሳሌ በመኪናው መሃል ከቀረ፣ ክፍሉ ሲያድግ ከጣሪያው ርቆ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሞዴል በሚሠራባቸው ፕሮግራሞች፣ በዚሞዴለር ወይም በብሌንደር፣ የእያንዳንዱን ክፍል መነሻ ነጥብ ወደ ራሱ መሃል መልሱ። ቦታው ልክ ሆኖ መጠኑ ከበዛ ወይም ካነሰ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ፤ ክፍሉ ወደ አሥረኛው መጠን ከተቀነሰ ስኬል ፋክተሩ 10 መሆን አለበት። እኔ ጊዜ ወስዶ መሥራት የሚገባው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ከሩቅ የማይታይ ጥቂት ማፈንገጥ ከቅርብ ሲታይ መኪናውን በሙሉ ያረክሰዋል።

ቅርብ ሲሆን ይሠራል፣ ሲርቅ ይጠፋል

እያንዳንዱ መኪና ሁለት የሞዴል ፋይል አለው፤ በስሙ መጨረሻ ሃይ የሚል ቃል ያለው ከቅርብ ይታያል፣ ሌላው ከርቀት። የጨዋታውን ፋይሎች በሚከፍተው ኦፕንአይቪ በተባለው ፕሮግራም ስታስገቡ አንዱን ብቻ ተክታችኋል፤ ሁለተኛውንም ተኩ።

መብራት አለ፣ ድምፅ የለም

የመኪናውን አጠቃላይ ቅንብር በያዘው ቬይክልስ ሜታ ፋይል ውስጥ ኦዲዮ ኔም ሃሽ የሚለው መስመር ላይ ሳይረን ያለውን የጨዋታውን መኪና ስም ጻፉ፤ ፖሊስ የሚለው በቂ ነው።

ሳይረኑ ሲበራ ጨዋታው ይንቀራፈፋል

ካስት ሻዶውስ የሚለው ምርጫ በ20ውም መብራቶች ላይ በርቷል። እያንዳንዱ ብልጭታ የየራሱን ጥላ እንዲያሰላ መጠየቅ ለማንኛውም ኮምፒውተር ከባድ ጭነት ነው፤ ተጫዋቹ ደግሞ ልዩነቱን እምብዛም አያየውም። በሁሉም ላይ አጥፉት። አካባቢውን የሚያበራውን ብርሃንም ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ መብራት ላይ አስቀርታችሁ ከቀሩት አንሡ፤ ለእነሱ ኮሮናውና መስታወቱ ይበቃሉ።