ተርኪ ሙሉውን በዘይት መጥበስ፣ ባህር ዳር ላይ፣ ለጾመ ነቢያት ቅበላ

ከዘይቱና ከድስቱ በፊት ቀኑን እንጨርስ፣ ምክንያቱም እኛ አገር የታንክስጊቪንግን ድግስ ሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቀኑ ነው። ታንክስጊቪንግ፣ አሜሪካኖች ተርኪ ሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ሚበሉበት የምስጋና በዓል፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፣ ጾመ ነቢያት ደሞ ኅዳር 15 ይገባል፣ ሁለቱ እየተጋፉ ነው ሚመጡት። በ2018 ዓ.ም ኅዳር 18 ላይ ዋለ፣ በ2019 ዓ.ም ኅዳር 17 ላይ ይውላል፣ ሁለቱም ጾም ውስጥ ማለት ነው። ደሞም ሐሙስ እዚህ የስራ ቀን ነው፣ ማንም ፈቃድ አይሰጣችሁም። ስለዚ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ቤታችሁ ካለ ወይ እናንተ ራሳችሁ እዛ ኖራችሁ ተመልሳችሁ ልማዱ ከናፈቃችሁ፣ ከኅዳር 15 በፊት ባለው ቅዳሜ ወይ እሁድ አድርጉት፣ ለቅበላ። ያኔ እማማም ይበላሉ፣ የንስሐ አባትም ቢመጡ ይባርካሉ፣ ማንም ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲበላ አያይም። ምስጋና ሁሉም አብሮ ሲቆርስ ነው ሚያምረው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

በዓሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1621 ፕሊመዝ ላይ ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎችና ነባሮቹ የዋምፓኖአግ ሰዎች ከመከር በኋላ አብረው ከበሉት ነው ይላሉ አሜሪካኖቹ፣ በአገር ደረጃ ያወጀው ፕሬዝዳንት ሊንከን ነው በ1863፣ አራተኛው ሐሙስ ይሁን ብሎ ኮንግረሱ በሕግ ያጸናው ደሞ በ1941። ተርኪውን በኦቨን ነው አብዛኛው ሰው ሚሰራው፣ ሙሉውን ዘይት ውስጥ መጥበሱ ከደቡብ፣ ከሉዊዚያና አካባቢ የወጣ ነው። እኛ ጋ ግን ዘይቱ ነው ሚያዋጣው፣ ሙሉ ተርኪ ሚይዝ ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ቢኖርም መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ስጋው ግማሽ ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

ተርኪ ካገኛችሁ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ያለውን ያዙ፣ ከዛ በላይ ለዘይት አይሆንም፣ ውስጡ ሳይበስል ቆዳው ያራል። ካላገኛችሁ አትጨነቁ፣ ሁለት ወይ ሦስት ትልልቅ የፈረንጅ ዶሮ ያው ስራ ይሰራል፣ በተራ በተራ ነው ሚጠበሱት። የአበሻ ዶሮ ግን ለዚህ አታድርጉት፣ ለወጥ የሚወዳደረው የለም ግን ስጋው ጠንካራ ስለሆነ ረጅም ሰዓት መቀቀል ይፈልጋል እንጂ ግማሽ ሰዓት ዘይት አያለሰልሰውም።

በረዶ የሆነ ከሆነ ደሞ ማቅለጡ ቀን ይፈልጋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ለ2 ኪሎው 1 ቀን ገደማ አስቡ፣ 5 ኪሎ ከሆነ ሦስት ቀን ማለት ነው። ከቸኮላችሁ ከነላስቲኩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ውሃውን በየግማሽ ሰዓቱ ቀይሩት፣ ለኪሎው 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አታቅልጡት፣ የባህር ዳር ሙቀት ላዩን ሲያበላሸው መሀሉ ገና በረዶ ነው። ሲቀልጥ እጃችሁን ሆዱ ውስጥ አስገብታችሁ ፈትሹ፣ አንገቱና የሆድ ዕቃው በላስቲክ ተጠቅልሎ እዛው ውስጥ ይኖራል፣ አውጡት፣ የበረዶ ቁራጭም ፈልጉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሃ። ሰው ሚቃጠለው፣ ቤት ሚነደው በውሃ ምክንያት ነው። የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ዘይቱን ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ዘይቱ ከድስቱ ፈሶ እሳቱን ካገኘ አለቀ። የኛ የዶሮ አጠባ ልማድ ደሞ እዚህ ጋ ይፈተናል። የእናቴ እህት፣ እትዬ ምንላት፣ ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግማ ካላጠበች እጇን አታነሳም፣ እና ትጠበው፣ ችግር የለውም፣ ግን ከአንድ ቀን በፊት ትጠበው። ከታጠበ በኋላ ቂጡን ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙትና ውሃው ይውረድ፣ በንጹህ ጨርቅ ውጪውንም ሆዱንም ክንፉ ስርም አድርቁት፣ ከዛ ለ2 ኪሎው አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አሹትና ሳትከድኑት ፍሪጅ ውስጥ ያድር። በማግስቱ ቆዳውን በጣታችሁ ንኩት፣ እንደ ወረቀት ደረቅ ሆኖ ጣታችሁ ላይ ምንም ካልቀረ ተዘጋጅቷል፣ ካንሸራተተ ገና ነው፣ እንደገና በጨርቅ።

ቅመም ላይ አስተያየት አለኝ። በርበሬ ቆዳው ላይ አትቀቡ፣ ዘይቱ ውስጥ ጠቁሮ ይመርራል፣ ዘይቱንም ያበላሻል። በርበሬ ከፈለጋችሁ ከንጥር ቅቤ ጋር ለውሳችሁ ቆዳውን ከደረቱ ቀስ ብላችሁ አላቁና ከስሩ አስገቡ፣ ትንሽ ነው ሚበቃው። ሚጥሚጣው ከዘይት ሲወጣ ትኩስ እያለ ይነስነስበት። ሆዱን ደሞ በዳቦ ምናምን አትሙሉት፣ ሚጠበስ ወፍ ሆዱ ባዶ ነው ሚሆነው።

ወፉን ከማድረቃችሁ በፊት ድስቱን ለኩ፦ ወፉን ባዶው ድስት ውስጥ አስገቡና ውሃ ጨምሩ፣ ከላዩ ሦስት አራት ጣት እስኪያልፍ፣ ከዛ ወፉን አውጡትና ውሃው የቀረበትን ምልክት አድርጉበት። ዘይት ምትጨምሩት እስከዛ ነው፣ ከምልክቱ በላይ ጠብታ የለም፣ ወፉ ውስጡ እያለ ደሞ ከውሃው ጫፍ እስከ ድስቱ አፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ከሌለ ድስቱ ትንሽ ነው፣ የጎረቤት የድግስ ድስት ተዋሱ። ለ5 ኪሎ ተርኪ ከ10 እስከ 12 ሊትር ዘይት ይሄዳል፣ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ይታወቃል፣ ዶሮ ግን ጠበብ ባለ ረጅም ድስት ሲሆን ግማሹ ይበቃዋል። የተጣራ የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው። ኑግ ዘይት ለሌላው ነገር ያለውን ጣዕም እወደዋለሁ ግን ቤት ውስጥ የተጨመቀ ያልተጣራ ዘይት ቶሎ ስለሚጨስ ለዚህ አይሆንም። ከዛ ድስቱን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ገልብጡት፣ አንድ የውሃ ጠብታ እንዳይቀር።

እሳቱ የሲሊንደር ጋዝ ብቻ። በከሰልም በእንጨትም ሙሉ ወፍ አትጥበሱ፣ ምክንያቱም ወፉ ሲገባ እሳቱ መጥፋት አለበት፣ ከሰል ደሞ ዝጋ ብትሉት አይዘጋም። ከሰል ብቻ ካላችሁ በብልት አውጡትና በመጥበሻ ጥበሱ፣ እሱም ይጣፍጣል። ቦታው ግቢ ውስጥ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከግድግዳና ከአጥር ብዙ እርምጃ ርቆ፣ ከላዩ ሰማይ ብቻ። ድንኳን ስር አይሆንም፣ ዳስ ስር አይሆንም፣ በረንዳም አይሆንም። ኅዳር ሳሩም ጭዱም የደረቀበት ወር ነው፣ ዙሪያውን ጥረጉ። ቄጠማ እዛ ጋ አትጎዝጉዙ፣ ያንሸራትታል፣ ለቡናው ቦታ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁ ዳር ሰፈር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እሳቱን እያንቀለቀለ ዘይቱን አያግለውም፣ ስለዚ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጀምሩና ለምሳ ይድረስ። ሚጠብሰው ሰው ነጠላውን ያውልቅ፣ ዘርፉ መጀመሪያ ነው ሚይዘው፣ ሸበጥ ሳይሆን ሽፍን ጫማ ያድርግ፣ ልጆች ደሞ ሚጠብቃቸው ሰው ይመደብላቸው።

ማንጠልጠያውን ብየዳ ቤት ማሰራት ይቻላል፣ ከወፍራም ያልተቀባ የማይዝግ ብረት፣ ከታች ወፉን ሚይዝ ከላይ ቀለበት ያለው። ቀለበቱ ውስጥ ረጅም አጣና ታሳልፉና ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይይዛል። በዚህ መንገድ ማንም እጁ ከድስቱ በላይ አይሆንም።

የሙቀት መለኪያ ከሌላችሁ ሙሉ ወፍ አትጀምሩ፣ ይሄን አጥብቄ ነው ምላችሁ። ስትፈትሹት ደሞ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ 94 ዲግሪ አካባቢ ካሳየ ልክ ነው፣ 100 አትጠብቁ፣ ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ ቀድሞ ይፈላል። ዘይቱን 175 ዲግሪ አድርሱት። መጨስ ከጀመረ አልፏል፣ ጋዙን ዝጉና ይብረድ። ድስቱን ጥሎ ሄዶ ስልክ ማውራት የለም።

175 ሲደርስ ጋዙን ዝጉ። ሁለታችሁ አጣናውን አንሱና ቀስ። የእግሩ ጫፍ ዘይቱን ሲነካ ይንጫጫል፣ አረፋው ዙሪያውን ይወጣል፣ ያኔ ቁሙ፣ አረፋው ትንሽ ሲወርድ ሌላ ጣት ያህል አውርዱ፣ ደሞ ቁሙ። አንድ ደቂቃ ወይም ከዛ በላይ ቢፈጅ ይፍጅ። አረፋው ወደ ድስቱ አፍ ከቀረበ መልሳችሁ ብድግ ማድረግ ነው። ሙሉው ከገባና ከተረጋጋ በኋላ ጋዙን እንደገና ለኩሱ፣ ሙቀቱ ወርዶ ይሆናል፣ ከ160 እስከ 175 ባለው መሀል ያዙት። እየቆየ ድምፁ ይቀየራል፣ የመጀመሪያው ጩኸት ይቀንስና አረፋው ደቃቅ ይሆናል፣ ውሃው ከቆዳው እያለቀ ነው ማለት ነው። ለተርኪ ለኪሎው ከ7 እስከ 8 ደቂቃ፣ ለ5 ኪሎ 40 ደቂቃ ገደማ፣ 2 ኪሎ የማይሞላ ዶሮ 20 ደቂቃ አካባቢ፣ ግን ደቂቃው ግምት ነው፣ ሚወስነው መለኪያው ነው። ጋዙን ዝጉና አውጡት፣ ደረቱና ጭኑ ወፍራሙ ቦታ ላይ አጥንት ሳትነኩ ውጉት፣ 74 ካላሳየ ተመልሶ ይገባል። ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ይረፍ፣ ቶሎ ከቆረጣችሁት ጭማቂው ሁሉ ትሪው ላይ ይፈሳል።

ዘይቱ ከነደደ ጋዙን መዝጋትና ድስቱን መክደን፣ ክዳኑ ከመጀመሪያው አጠገብ ይሁን። ውሃ በፍጹም። የመኪና ዱቄት እሳት ማጥፊያ ያለው ሰው ያምጣ። ሰው ከተቃጠለ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡበት፣ ሰፋ ካለ ወይ ፊት ከሆነ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

ሙስሊም ጓደኞች ከተጠሩ፣ ባህር ዳር ላይ ደሞ ያለነሱ ምን ድግስ አለ፣ አሳ ጥበሱ። አሳ አራጅ አይፈልግም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ፣ ቅርፊቱ ተገፎ ጎንና ጎኑ ተሸንትሮ፣ ጨውና ሎሚ ብቻ፣ ግን በሌላ መጥበሻና በሌላ ዘይት፣ ይሄን አታቀላቅሉ፣ ሰው አምኖ ነው ሚበላው። ከጎኑ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ድፎ ዳቦ፣ እንጀራ በአዋዜ፣ ቡናው ደሞ የዘጌ ከሆነ አሪፍ ነው። ዋሽንግተን ያሉት ዘመዶች በዚህ ወቅት ከኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ምሳ ላይ ብትደውሉ ሌሊት ነው፣ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደውሉ፣ ምስጋናውን ትልቁ ሰው ይጀምርና ስልኩ ይዙር።

ዘይቱን እዛው ከድናችሁ ተዉት፣ ቶሎ አይበርድም፣ ማታ ወይ በማግስቱ በጨርቅ አጥልላችሁ ጀሪካን ውስጥ መልሱትና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፣ ሽታው ካልተቀየረ አንድ ሁለት ጊዜ ይጠብሳል። ሚጣለውን ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አትድፉት፣ አፈር ወይ ሰጋቱራ ውስጥ አስመጥጡትና ከቆሻሻ ጋር ይሂድ። የተረፈው ስጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ አጥንቱ ለሾርባ፣ ስጋው ለጠዋት ፍርፍር፣ እሁድ ጠብሳችሁ ሰኞ ጾሙ ሚገባ ከሆነ ደሞ ማታውኑ በየሳህኑ ከፋፍላችሁ ለጎረቤት ላኩት።