በአሜሪካ የቀያሽነት ፈቃድ ለማውጣት ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶታል ስቴሽን ማቆም፣ ትራቨርስ መዝጋት፣ ጂፒኤስ መጠቀም በኢትዮጵያ ለሠራ ቀያሽ አሜሪካ ሲደርስ አዲስ አይሆንበትም። ፈቃዱ የሚጓተትበት በሰነድ፣ በልምድ አቆጣጠር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወሰን ሕግ ነው።

ሁሉም ስቴት አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ሳይሆን የየስቴቱ ቦርድ ነው። ካሊፎርኒያ ዲግሪ ለሌለውም የ6 ዓመት ልምድ ይዞ እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱ በመስክ፣ 1 ዓመቱ በቢሮ በኃላፊነት የተሠራ መሆን አለበት። አንዳንድ ሌሎች ስቴቶች ዲግሪ ወይም የተወሰነ የቅየሳ ክሬዲት የግድ ይላሉ። ስለዚህ ሌላ ስቴት ያለ ወዳጅዎ የሄደበትን መንገድ ሳይሆን የሚኖሩበትን ስቴት ደንብ ይከተሉ።

የሲቪል ኢንጂነር ፈቃድ ቅየሳንም ይሸፍናል የሚሉ አሉ። በካሊፎርኒያ ይህ የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከ1982 በፊት ፈቃድ ላገኙ ሲቪል ኢንጂነሮች ብቻ ነው።

ሰነድን ለመጨረሻ ማቆየት

የውጭ ዲግሪ በአብዛኛው የኢንጂነርነትና የቅየሳ ፈተናዎችን በሚያዘጋጀው የአሜሪካ ምክር ቤት፣ በኤንሲኢኢኤስ፣ ይገመገማል። ትራንስክሪፕቱን የሚልከው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው፤ በእጅ የያዙት ኮፒ አያገለግልም። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ካለብዎት አስቀድመው ይጨርሱት፤ አገር ቤት ተወካይ ከሌለዎት ይህ ብቻውን ወራት ይወስዳል። የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫም አብረው ይጠይቁ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን ያስተካክሉ። በእኛ አቆጣጠር «ከ2006 እስከ 2010» የሚል ደብዳቤ ሳይቀየር ከገባ፣ ሥራው ከመመረቅዎ በፊት የተሠራ መስሎ ይታያል። ስምዎም በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በፈተና ምዝገባው ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ይሁን። የአባትና የአያት ስም ቦታ ከተቀያየረ የፈተና ጣቢያው ሊመልስዎት ይችላል።

በሜትር ብቻ መዘጋጀት

የመጀመሪያው ፈተና ኤፍኤስ፣ ማለትም የቅየሳ መሠረታዊ ዕውቀት ፈተና፣ 110 ጥያቄዎች አሉት፤ ከነመግቢያውና ከነዕረፍቱ 6 ሰዓት ይወስዳል። የቀመር መጽሐፉ በኮምፒውተሩ ላይ ይቀርባል፤ ያንኑ ቅጂ በነጻ አውርደው ይለማመዱበት። ካልኩሌተርም የተፈቀደው ዓይነት ብቻ ነው፦ ለምሳሌ ካሲዮ ኤፍኤክስ-115 ወይም ኤፍኤክስ-991።

እዚህ ላይ ነጥብ ሊያስጥል የሚችለው የመለኪያ አሃዱ ነው። ቀያሽ ጫማን በአስርዮሽ ይጽፋል፤ 5.6 ጫማ ማለት 5 ጫማ ከ6 ኢንች አይደለም፣ 5 ጫማ ከ7 ኢንች ያህል ነው። በድሮ ሰነድ የሚገኘው ሰንሰለት 66 ጫማ ነው፤ 10 ካሬ ሰንሰለት 1 ኤከር ወይም 43,560 ካሬ ጫማ ይሆናል። የአሜሪካ የቅየሳ ጫማ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከአገልግሎት ቢወጣም ብዙዎቹ የቆዩ መዝገቦች በእሱ ናቸው። ከዓለም አቀፉ ጫማ ያለው ልዩነት ከሚሊዮን 2 ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በ2,000,000 ጫማ ኮኦርዲኔት (የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር) ላይ 4 ጫማ ያፋልሳል።

ወሰንን በኮኦርዲኔት መፈለግ

የሁሉም ክፉ ይህ ነው። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ይዞታ ካርታ የማዕዘኖቹን ኤክስና ዋይ ይዞ ይወጣል፤ ቀያሹ ቁጥሩን መሣሪያው ላይ ጭኖ ችካል ይተክላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ወሰን የሚታወቀው ከባለቤትነት ሰነዱ ቃላትና መጀመሪያ መሬት ላይ ከተተከለው ምልክት ነው። ሰነዱ 200 ጫማ እያለ መጀመሪያ ለወሰን ምልክትነት የተተከለው ብረት 198.6 ላይ ቢገኝ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የሚጸናው ብረቱ ነው። ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው የሚሄዱበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ የተፈጥሮ ምልክት፣ ሰው የተከለው ምልክት፣ የጎረቤት ወሰን፣ አቅጣጫና ርቀት፣ መጨረሻ ላይ ስፋት። ልኬት፣ ማለትም ቀያሽ በጣም የሚታመንበት ነገር፣ አራተኛ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ከነባሩ ብረት 1.4 ጫማ አልፎ አዲስ ይተክላል፤ ሁለት ጎረቤታሞችም በአንድ ማዕዘን ሁለት ምልክት ይዘው ይካሰሳሉ።

በስቴቱ ፈተና ላይ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ በ36 ሴክሽን የተከፈለውን፣ 6 ማይል በ6 ማይል የሆነውን፣ ታውንሺፕ የሚባለውን የመሬት ክፍል ማወቅ ግድ ነው፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያ ሥርዓት የላቸውም፣ እዚያ የሚነበበው ከምልክት ምልክት የሚሄድ የወሰን ትረካ ነው።

ማንኛውም የመስክ ሥራ ይቆጠራል ማለት

ልምዱ በአብዛኛው ፈቃድ ባለው ቀያሽ ቁጥጥር ሥር የተገኘ መሆን አለበት። 4 ዓመት ለኮንትራክተር የመንገድ ችካል ሲተክሉ ቢቆዩ ለወሰን ሥራ የሚቆጠርልዎት ጥቂት ነው። አለቃዎ ካውንቲ መዝገብ ቤት ሰነድ እንዲያስፈልጉዎት፣ የወሰን ውሳኔና የወሰን መግለጫ ሲጻፍም እንዲያሳትፉዎት ይጠይቁ። ፕሮጀክቱን፣ ቀኑን፣ እርስዎ የወሰኑትን፣ የአለቃዎን የፈቃድ ቁጥር በየወሩ ይመዝግቡ፤ መሥሪያ ቤት ሲለቁ ያን ዕለት ያስፈርሙ። ከ5 ዓመት በኋላ ጡረታ የወጣን ሰው ማፈላለግ በጣም ከባድ ነው።

ፈቃዱ ሳይወጣ በቢዝነስ ካርድ ላይ «ላንድ ሰርቬየር» ብሎ መጻፍ ወይም ለዘመድ አጥር ወሰን ማመልከት በአብዛኛው ስቴት ሕግ መጣስ ነው፤ ቦርዱም ማመልከቻዎን ሲመረምር ይህንኑ ሊያነሳብዎት ይችላል።