አሽታንጋ ዮጋ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደቡብ ህንድ ማይሶር ከተማ ኬ. ፓታቢ ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋማቸውን መሥርተው ለአሥርት ዓመታት ያስተማሩት አሽታንጋ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ልምምድ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱ ትንፋሽና የራሱ ማረፊያ እይታ አለው። ጀማሪዎች ላይ የሚታየው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ይህን ወደ ጎን ትተው የአቋሙን ቅርጽ ለማምጣት ሲጣደፉ ነው።

ትንፋሽን የእንቅስቃሴ ተከታይ ማድረግ

መሠረቱ ሱርያ ናማስካር (የፀሐይ ሰላምታ) «ኤ» ሲሆን 9 ቆጠራ አለው። በ1 አየር እየሳቡ እጆችዎን ወደ ላይ ያነሣሉ። በ2 እያስወጡ ወደ ፊት ያጎነብሳሉ። በ3 እየሳቡ ቀና ይላሉ። በ4 እያስወጡ እግርዎን ወደ ኋላ ወስደው በክንድዎ ዝቅ ይላሉ፤ ይህ ቻቱራንጋ ነው። በ5 እየሳቡ ደረትዎን ከፍተው ወደ ላይ ይመለከታሉ። በ6 እያስወጡ ዳሌዎን ወደ ላይ አንሥተው እዚያው 5 ትንፋሽ ይቆያሉ። በ7 እየሳቡ እግሮችዎን ወደ እጆችዎ ያመጣሉ፣ በ8 እያስወጡ ያጎነብሳሉ፣ በ9 እየሳቡ ቆመው እጆችዎን ያነሣሉ። ከዚያ እያስወጡ ወደ መነሻው ይመለሳሉ።

ችግሩ እጅ ቀድሞ ይደርስና ትንፋሹ ገና ግማሽ ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ትንፋሹን ያፍናል ወይም ተጨማሪ ትንፋሽ ጣልቃ ያስገባል፤ ቆጠራው ይፈርሳል፣ ልብም ያለ ምክንያት በፍጥነት ይመታል። ትንፋሹ ከእንቅስቃሴው ትንሽ ቀድሞ ይጀምር፤ ሁለቱ አብረው ያብቁ። ሲስቡ እስከ 4 ከቆጠሩ ሲያስወጡም እስከ 4 ይቁጠሩ። 5 ዙር ሳይጨርሱ ትንፋሽዎ ከተቆራረጠ በ3 ዙር ያቁሙ፤ በዚህ የሚያጡት ነገር የለም።

ድምፁን ከጉሮሮ በኃይል ማውጣት

ትንፋሹ በአፍንጫ ሆኖ ቀለል ያለ ድምፅ አለው። ድምፁን ለማግኘት መስተዋትን በትንፋሽ እንደሚያደበዝዙ አፍዎን ከፍተው «ሃ» ብለው ያስወጡ፤ ከዚያ ጉሮሮዎን እንደዚያው ትተው አፍዎን ይዝጉ። ለእርስዎ ከተሰማ በቂ ነው። ከክፍሉ ማዶ የሚሰማ ከሆነ ጉሮሮዎን አጥብቀውታል ማለት ነው።

በቻቱራንጋ ከመጠን በላይ መውረድ

ሱርያ ናማስካር «ኤ» 1 ቻቱራንጋ፣ ረዘም ያለው ሁለተኛው ዓይነት «ቢ» ደግሞ 3 አለው። ሁለቱን 5 ጊዜ የሠራ ሰው ገና ሳይጀምር 20 ጊዜ ወርዷል። ስለዚህ ጥቂት የምትመስል ስህተት በሳምንታት ውስጥ የትከሻ ሕመም ትሆናለች። ዋናው ስህተት ትከሻ ከክርን በታች መውረዱ ነው፤ ክብደቱ ከጡንቻው ላይ ወርዶ በትከሻ ፊት ለፊት ባለው ጅማት ላይ ያርፋል። ክርን ወደ ውጭ ሲከፈት ደግሞ ይብሳል።

ሲወርዱ በእግር ጣቶችዎ ገፍተው ደረትዎን ወደ ፊት ያስኪዱ፤ ክርን በእጅ አንጓ ትክክል ላይ ሆኖ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ያቁሙ። ክርኖች ወደ ጎድንዎ ይጠጉ። ወገብዎ ወደ ታች ከሰመጠ ጉልበትዎን መሬት ላይ አድርገው ይውረዱ፤ ለሳምንታትም ቢሆን በዚሁ ይቆዩ። ጉልበት ማሳረፍ ልምምዱን አያጎድልም፤ የተበላሸ ቻቱራንጋ ግን ያጎድላል። ወደ 5ኛው ቆጠራ ሲያልፉ ጭንና ጉልበት ከመሬት ይነሡ፤ መሬት የሚነኩት መዳፍዎና የእግርዎ ጀርባ ብቻ ናቸው።

ጉልበትን በግድ ቀጥ አድርጎ ማጎንበስ

ሲያጎነብሱ የጭንዎ የኋላ ጡንቻ መሐሉ ላይ ቢሳብ የሚጠበቅ ነው። ሕመሙ ግን ልክ ከመቀመጫ አጥንት ሥር ከሆነ ጡንቻው ከአጥንት የሚያያዝበት ጅማት እየተጎዳ ነው፤ ይህ ቦታ ደግሞ ለመዳን ወራት ሊወስድ ይችላል። ጉልበትዎን አጥፈው ሆድዎን ከጭንዎ ያገናኙ፤ ጀርባዎ ሳይጎብጥ እግርዎን ቀስ በቀስ ይዘርጉ።

ሎተስን ከጉልበት መጠምዘዝ

ሎተስ እግሮች ተቆላልፈው እያንዳንዱ በሌላኛው ጭን ላይ የሚያርፍበት አቀማመጥ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው። ጉልበት የሚታጠፍና የሚዘረጋ መጋጠሚያ ነው፤ ለመዞር የተፈጠረው ዳሌ ነው። ዳሌ ካልዞረና እግር በእጅ ከተጎተተ የመዞሩን ዋጋ የሚከፍለው በጉልበት ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ነው። በቅድሚያ ባትዎ ጭንዎን እስኪነካ ጉልበትዎን ሙሉ በሙሉ ይጠፉ፤ ቀጥሎ ጭንዎን ከዳሌዎ ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ከዚያ ተረከዝዎን ወደ እምብርትዎ ያስጠጉ። ባህሉ ቀኝ እግርን ያስቀድማል። ጉልበት ላይ ትንሽ ሕመም ከተሰማዎት የውስጥ እግርዎን ከሌላኛው ጭን አጠገብ አድርገው ይቀጥሉ።

ሆድን ሁሉ መጨምደድ

በዮጋ ባንዳ (bandha) የሚባለው ከእምብርት በታች ያለውንና በመቀመጫ አጥንቶች መካከል ያለውን ጡንቻ በቀስታ ወደ ላይ መያዝ ነው። ሆድ እስከ ጎድን ከተጨመደደ ትንፋሽ መግቢያ ያጣል።

ተከታታዩን በአንድ ሳምንት መጨረስ

የመጀመሪያው ተከታታይ፣ ማለትም ጀማሪ የሚማረው የአቋሞች ቅደም ተከተል፣ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በማይሶር አካሄድ መምህሩ ቀጣዩን አቋም የሚሰጠው ያለፈው ሲረጋ ነው። በጅማሬው ወር ሱርያ ናማስካር «ኤ» እና «ቢ»፣ የቆሙ አቋሞች፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሦስት ተቀማጭ አቋሞችና ዕረፍት ይበቃሉ። በራስ ላይ መቆምን አይቸኩሉ፤ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ግላኮማ ወይም የአንገት ችግር ካለብዎ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክሩት።

ጠግቦ መጀመር፣ ሳያርፉ መነሣት

ከምግብ በኋላ 3 ወይም 4 ሰዓት ይቆዩ፤ ጠዋት ባዶ ሆድ ይመረጣል። ባህሉ በሳምንት 6 ቀን መሥራትን፣ በሙሉ ጨረቃና በጨረቃ መወለጃ ቀን ማረፍን ይዟል፤ ለጀማሪ ግን ሳይቋረጥ የሚሠራ 3 ቀን ይሻላል። በመጨረሻ ለ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጋድመው ይረፉ። ጊዜ ካጠረዎ ከመሐል አቋም ይቀንሱ እንጂ ይህን አይዝለሉ።