ለእናት ስልክ ከመላካችሁ በፊት

ከአሜሪካ ለቤተሰብ ስልክ ልትልኩ ነው? ሻንጣ ውስጥ ሳትከቱት መደወያው ላይ *#06# ብላችሁ ጻፉ። 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ የስልኩ መታወቂያ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ያገለገለ ስልክ ከሆነ ካርቶን የለኝም የሚል ሻጭ ጋ በደንብ ጠይቁ።

ዋናው ጣጣ ግን ሎክ ነው። በየወሩ እየተከፈለ የሚገዛ ስልክ ብዙ ጊዜ ለሸጠው የስልክ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው፤ የአገር ቤት ሲም አይቀበልም። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡና «ካሪየር ሎክ» የሚለውን እዩ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። ካልሆነ ስልኩ እጃችሁ ላይ እያለ በኩባንያው አስከፍቱት። እኔ ሳላይ የላክሁት ስልክ እናቴ ጋ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ማንሻ ብቻ ሆኖ ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል።