ቀጥኖ የረዘመ የዱባና የዝኩኒ ችግኝ እንዴት እንደሚተከል

ብርሃን በማይበቃው በረንዳ ወይም በቤት ውስጥ የበቀለ የዱባና የዝኩኒ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ይንጠራራል፤ ግንዱ ነጣ ብሎ ይቀጥንና ቅጠሉን መሸከም አቅቶት ያጎነብሳል። እንዲህ ያለው ችግኝ የሚጣል ባይሆንም፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እስከተተከለባት ድረስ ነፋስ በሚበረታባት አዳማ፣ ያለ ጥንቃቄ ከተተከለ በቀላሉ ይሰበራል።

በቅድሚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ከውጭው አየር ጋር ያለማምዱት። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ እንዲያገኝ አድርገው፣ ቆይታውን በየቀኑ ይጨምሩ፤ በድንገት ቀትር ላይ የወጣ ቅጠል ነጥቶ ይደርቃልና።

ጉድጓዱ በወርድም በጥልቀትም ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አፈሩን በሚገባ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ይቀላቅሉት፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል። ሐረጉ ለሚንሰራፋው ዱባ በችግኞች መካከል እስከ 2 ሜትር፣ ለዝኩኒ 1 ሜትር ያህል ይተዉ።

ተከላው ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል። የዱባ ሥር መነካካት ስለማይወድ ችግኙን ከመንቀል ይልቅ ዕቃውን በመቀስ ቀደው ያውጡት፤ ሲያነሱትም ግንዱን ሳይሆን ሥሩ የያዘውን አፈር ከታች ይደግፉ። ከዚያም መጀመሪያ የወጡት ሁለቱ ድፍንና ሞላላ ቅጠሎች ከአፈሩ በላይ ለጥቂት እስኪቀሩ ድረስ ጠለቅ አድርገው ይትከሉት። የተቀበረው ግንድ ከጎኑ አዲስ ሥር ሊያወጣ ይችላል፤ ቅጠሎቹ ከተቀበሩ ግን ይበሰብሳሉ። ውሃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከግንዱ አጠገብ ቀጭን እንጨት ተክለው በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርገው ይሰሩት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የማዳበሪያ ከረጢት ይጋርዱ። ከላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ቀለበት ግንዱን ቢከብበው ቆራጭ ትልን ይከላከላል።

ውሃውን በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ ያጠጡ። በቀትር መጠውለጉ አያስደንግጥዎ፤ የዱባ ሰፊ ቅጠል በሙቀት ይዝላል፣ ማታ ግን ይቃናል። ጠዋትም እንደጠወለገ ከተገኘ አፈሩን በጣት ቆፈር አድርገው ይዩ፤ ደርቆ ከሆነ ያጠጡት።

ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ከጠቆረ ወይም ከታጠፈ ግን መድከም አያስፈልግም። በዚያው ጉድጓድ አጠገብ ሁለት ሦስት ዘር በ3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ፤ በአዳማ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይበቅላል።