ፀጉር ቤት ገብቶ ራስን ሙልጭ አድርጎ መላጨት እንዴት ነው?

ራስን በምላጭ መላጨት ከፀጉር ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ቅርጽ ማውጣት የለ፣ ግራ ቀኙን ማመጣጠን የለ፤ ያለውን ማንሳት ብቻ ነው። እኔ ግን የባለሙያን እጅ እንደዚህ የሚፈትን ሥራ አላውቅም። ያላማረ ቁርጥ ኮፍያ ይደረግበታል፣ ውሎ አድሮም ያድጋል። በምላጭ የተቆጣ የራስ ቆዳ ግን ኮፍያ ሲነካው ይብስበታል፤ ሌሊትም ትራስ ላይ ማሳረፉ ጭንቅ ነው። ይህ እንዳይደርስ ከሥራው ግማሹ የደንበኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ጭንቅላትን አስረክቦ ዓይንን መጨፈን የሚቻለው የሚጠየቀው ከተጠየቀ፣ የሚነገረውም ከተነገረ በኋላ ነው።

ከመሄድ በፊት

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጩ ከሆነ በሠርግ ወይም በሥራ ቃለ መጠይቅ ዋዜማ አያድርጉት። የቆዳዎ ጠባይ ገና አልታወቀም፤ ሽፍታም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዕለቱ ሳይሆን አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። በዚያ ላይ ፀጉር ሸፍኖት የኖረው ቆዳ ፀሐይ ስላላየ ቀለሙ ከፊት ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መሞከር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ቤት ውስጥ አስቀድመው በማሽን አያንሱት። ብዙ ሰው ባለሙያውን ያገዘ እየመሰለው ይህን ያደርጋል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በቀን ሲሰላ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ነው። ባለሙያው ፀጉሩ ወዴት እንደሚተኛ አይቶ እንዲሠራ ቢያንስ የሦስት ወይም የአራት ቀን እድገት ያስፈልገዋል። ይህ ነገር ለምን ትልቅ ቦታ እንደሚሰጠው ወረድ ብሎ ይመጣል።

ራስዎን ታጥበው፣ ቅባት ሳይቀቡ ይሂዱ። የኋላውን ክፍል ሌላ ሰው እንዲያይልዎት ያድርጉ፤ ካልሆነም በስልክ ፎቶ ያንሱት። ቁስል፣ መግል የያዘ ብጉር ወይም ክብ እየሠራ የሚላላጥ ጭርት ካለ መላጨቱን ያቆዩት። ጭርት በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በማሽንና በፎጣ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ይሻገራል።

«አንዴ ከተላጨ ወፍሮ ይበቅላል» የሚለውን ግን ይተዉት። ሚልድረድ ትሮተር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ አካል ተመራማሪ ጉዳዩን መርምረው፣ መላጨት የፀጉርን ውፍረትም ሆነ የእድገት ፍጥነት እንደማይለውጥ እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፈዋል። በምላጭ የተቆረጠ ፀጉር ጫፉ ደፍጣጣ ስለሚሆን እጅን ይቆረቁራል፤ የወፈረ የሚያስመስለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ምላጩን ይዩ

አብዛኞቹ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ታጣፊ እጀታ ያለው፣ ምላጩ የሚቀየር መላጫ ነው። በሁለቱም በኩል ስለት ያለውን ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ይሰብሩና ግማሹን እጀታው ውስጥ ያስገባሉ። ይህ ሲሆን በዓይንዎ ይዩ። መላጫው ምላጩን እንደያዘ ከጠበቀዎት በአዲስ እንዲቀየር መጠየቅ ነውር የለበትም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ለመተላለፍም ለዓይን የማይታይ የደም ቅሪት ይበቃዋል። ሄፓታይተስ ሲ እና ኤች አይ ቪም ደም በነካው ስለት ሊተላለፉ ይችላሉ። ምላጭ በአልኮል ተጠርጓል ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም። ስለ ምላጭ ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠመዎት ልብስዎን አንሥተው ይውጡ፤ እኔ በዚህ ነገር ይሉኝታ አላውቅም። እጁን መታጠቡን፣ ፎጣው ንጹሕ መሆኑንም በዚያው ማየት ነው።

ቀጥሎ መናገር ያለብዎትን ይናገሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የስኳር ሕመም ካለብዎት፣ ቁስልዎ ሲድን እያበጠ ወፍራም ጠባሳ የሚተው ዓይነት ከሆነ ባለሙያው ማወቅ አለበት። ከቆዳው ከፍ ያለ ጥቁር ነጥብ፣ ኪንታሮት ወይም የቆየ ጠባሳ ካለ ቦታውን በጣት ያሳዩት። አረፋ ከተቀባ በኋላ ምንም አይታይም። ዋጋውንም ሳይቀመጡ ይጠይቁ።

ማሽን፣ ፎጣ፣ አረፋ

ፀጉሩ በመጀመሪያ ማበጠሪያ ባልተገጠመበት ማሽን እስከ ቆዳው ይወርዳል። ረዘም ያለ ፀጉር ምላጩን ስለሚያንቀውና ስለሚጎትት ይህ አይዘለልም።

ከዚያ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ራስ ላይ ይጠመጠማል። ይህ ለድሎት ብቻ የተደረገ ከመሰለዎት ተሳስተዋል። ደረቅ ፀጉር ጠንካራ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይለሰልስና በትንሽ ኃይል ይቆረጣል። ለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ፎጣውን ዳበስ አድርጎ የሚያነሳ ባለሙያ የቆጠበው ጊዜ ከእርስዎ ቆዳ ላይ የተወሰደ ነው፤ ትንሽ ቢያቆየው ደስ እንደሚልዎት ይንገሩት። ፎጣው ካቃጠለዎትም ዝም አይበሉ፤ የተለበለበ ቆዳ ላይ ምላጭ አይኬድም።

አረፋው በብሩሽ ቢቀባ ይመረጣል። ብሩሽ ሳሙናውን እስከ ፀጉሩ ሥር ያደርሰዋል፣ የተኛውንም ቀና ያደርገዋል። ከቆርቆሮ የሚወጣው አረፋ ይሠራል፤ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ራስ ደግሞ ሰፊ ነው። በየትኛውም ቢሠራ የደረቀ ቦታ ላይ ምላጭ ከማለፉ በፊት እንደገና መቀባት አለበት።

ፀጉሩ ወደተኛበት

አንድ ነገር ብቻ ልብ የሚሉ ከሆነ ይህን ይሁን። ሽፍታ፣ የተቀበረ ፀጉርና ደም የሚበዛው ምላጩ ፀጉሩ ከተኛበት በተቃራኒ ሲሄድ ነው። ፊት ላይ አቅጣጫውን መለየት አያስቸግርም። ራስ ላይ ግን ፀጉር ነፋስ እንዳስተኛው ሣር በየቦታው የተለያየ መኝታ አለው። ከአናት ላይ ካለው አዙሪት ተነሥቶ ይሽከረከራል፤ ከፊት ወደ ግንባር፣ ከጎን ወደ ጆሮ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ብዙዎቹ ባለሙያዎች በልምድ ይሄዱበታል።

ችግሩ ማጅራት ላይ ነው። እዚያ ያለው ፀጉር የብዙ ሰው ወደ ታች ይተኛል፤ የአንዳንዱ ግን ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል ይገባል፣ የሌላው ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። «ከላይ ወደ ታች ከላጨሁ አልሳሳትም» የሚል ባለሙያ የእነዚህን ሰዎች ማጅራት ሳያውቀው በተቃራኒ እየላጨ ነው ማለት ነው። አቅጣጫውን ማወቂያው ጣት ነው። የጥቂት ቀን ፀጉር ሲዳበስ ልስልስ የሚልበት አቅጣጫ የመኝታው ነው፤ የሚሻክርበት ተቃራኒው። አረፋው ሳይቀባ ማጅራትዎን ራስዎ ይዳብሱና «እዚህ ጋ ፀጉሬ ወደ መሐል ነው የሚተኛው» ብለው ይንገሩት። ጎበዝ ባለሙያ ራሱ ይዳብሳል፤ እኔ አዲስ ሰው ጋ ስሄድ የምመዝነው በዚህ ነው።

ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ አለበት። በጣም ተጠግቶ የተቆረጠ ጥቅል ፀጉር ሲያድግ ይታጠፍና ጫፉ መልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮት ያብጣል። አንድ ቸኩሎ የሠራኝ ባለሙያ ማጅራቴን ከታች ወደ ላይ ሸልቶ አንስቶት ያውቃል። በመስታወት ሲያሳየኝ እንከን አልነበረበትም። ከቀናት በኋላ ግን የሸሚዝ ኮሌታ መቻል አቃተኝ። ማጅራት ላይ ጠጠር ጠጠር ያሉ፣ የማይጠፉ እብጠቶች ያሉበት ሰው ደግሞ ያንን ቦታ ጨርሶ ምላጭ ባያስነካ ይሻላል፤ ተደጋግሞ ሲላጭ ወደ ጠባሳ የሚለወጥ የቆዳ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው። ለእንዲህ ያለው ሰው ማሽን ብቻ ይበቃል፤ ምላጭ ያልነካው ራስ አልተላጨም የሚል ሕግ የለም።

ምላጩ ሲሠራ የእርስዎ ድርሻ አለመንቀሳቀስና ሲባሉ ማዘንበል ነው። ማጅራት ሲላጭ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፤ ቀና ካሉ ቆዳው ይታጠፋል፣ እጥፋቱንም ምላጩ ያገኘዋል። ባለሙያው በአንድ እጁ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ይይዛል፣ ከጆሮ ጀርባ ሲደርስ ጆሮውን ወደ ፊት ያጥፋል፣ ምላጩን ሳይጫን አጭር አጭር ያስኬዳል። ማስነጠስ ከመጣብዎት እጅዎን ከፍ ያድርጉ። ሲጠየቁ በአፍ ይመልሱ እንጂ ራስዎን አይነቅንቁ። መጎተት ከተሰማዎት ግማሹ ምላጭ ደንዝዟል ማለት ነው፤ ሌላው ግማሽ ይግባ።

ሁለተኛው ዙር

አንድ ጊዜ ካለፈበት በኋላ አረፋ ተቀብቶ ይደገማል። በዚህ ጊዜ ምላጩ ወደ ጎን፣ የፀጉሩን መኝታ አቋርጦ ይሂድ። ሦስተኛውና በተቃራኒ የሚኬደው ዙር ራሱን እንደ መስታወት ያብለጨልጨዋል፤ ባለሙያዎችም ሥራቸውን ለማሳየት ይወዱታል። እኔ ግን አልመክርም፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልዩነቱ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም።

ከተላጩ በኋላ

ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያም በንጹሕ ፎጣ ሳይፈትጉ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ። የተቆረጠ ቦታ ካለ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ ይዞ ጥቂት ደቂቃ መጫን በቂ ነው። ባለሙያው ሽቶ ያለው አልኮል ሊያርከፈክፍ ሲነሣ እጅዎን ያንሱ፤ ያቃጥላል፣ ቆዳ ያደርቃል። በምትኩ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ይጠይቁ፤ ከሌለውም ይዘው ይሂዱ።

በዕለቱ ጠባብ ኮፍያና ብዙ ላብ የሚያመጣ ሥራ ይቅርብዎት። ቆዳው ከተረጋጋ በኋላ ውጪ ሲወጡ የመከላከል መጠኑ (ዕቃው ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይቀቡ፤ ራስ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚቀበል የሰውነት ክፍል ነውና። ጥቃቅን እብጠት ከወጣ አይጭመቁት፣ በላዩም አይላጩበት። መግል እየያዘና እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ቆዳው ሰላም ከሆነ ቀጣዩ ቀን የእርስዎ ምርጫ ነው፤ በየሳምንቱ የሚመለስ አለ፣ ከዚያም ፈጥኖ የሚመለስ አለ። ሽፍታ የወጣበትን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሥተው ያቆዩትና ሲመለሱ ለባለሙያው ያሳዩት፤ በዚያ በኩል ምላጩ በየት አቅጣጫ እንደሄደ አብራችሁ ትለያላችሁ።